መዝገብ ቤቱ የተቆላለፈበት ከሰዓት በኋላ

ጋሼ አውቀው ነው ያደረጉት ወይስ ሳያውቁ? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም።

ጋሼ የምላቸው የመሥሪያ ቤታችን የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እስከ አገጫቸው የደረሰ የወረቀት ክምር ታቅፈው በተዘጋ በር ፊት ለፊት ቆመው ነበር። አንዴ ብቻ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ክምሩን በአገጫቸው ደገፍ አድርገው ወደ በሩ ተመለሱ። በዚያች አስተያየት ውስጥ ምን እንደነበረ ስንት ዓመት ሙሉ አገላብጬዋለሁ። ጋሼ ጴንጤ ናቸው፣ አይዋሹም። ትንሽ እናስመስል ብላቸው ኖሮ "ልጄ፣ ይሄስ ይቅርብኝ" ነበር የሚሉኝ። ስለዚህ አልጠየቅኳቸውም። ሳልጠይቃቸው ያደረጉት ግን፣ ጠይቄያቸው እሺ ቢሉኝ ከሚያደርጉት የበለጠ ሆነ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ሀዋሳ ያኔ አዋሳ ነበር የምትባለው። የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው፤ የመጨረሻ መሆናቸውን ግን የሚያውቅ አልነበረም። እኔ መሃል ከተማ ውስጥ ለገበሬ ማኅበራት ማዳበሪያና ዘር በሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበርኩ። ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ አባ ኮዳ የምንላቸው ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ተደርድረው ይውላሉ፤ የኃላፊውን መኪና ለይተው የሚያበላሹ ይመስለን ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በማታ ትምህርት፣ ልጆቼ ሊሆኑ ጥቂት ከሚቀራቸው ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጠጋግቼ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ወረቀት ቦታውን ሲስት ያመዋል። እኔንም ያመኝ ነበር፤ አሁንም ያመኛል።

ታዲያ አንድ ቀን በእርዳታ ኮምፒዩተር መጣልን። ለብቻው ክፍል፣ ወፍራም መጋረጃና ማቀዝቀዣ ተሰጠው፤ ይህን ሁሉ ለአንድ ሠራተኛ ሲሰጥ አይተን አናውቅም። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። የካድሬያችን ካልሲ ከአውራ ጣቱ በላይ ቀዳዳ እንዳለው መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያወቀው በምረቃው ዕለት ነው።

ካድሬያችን የምለው የመሥሪያ ቤቱን የፖለቲካ ኃላፊ ነው። "ጓድ" እንለዋለን። ክፉ ሰው ነው ብዬ አልጽፍም። አንድ እምነት ብቻ ነበረው፤ በዓለም ላይ የሚቆም ነገር ሁሉ አቋሚ አለው። ውሃ ቢቆም ያቆመው አለ። መኪና ቢቆም ያቆመው አለ። ሥራው ያንን ሰው መፈለግ ነው።

ከማሽኑ ጋር አብሮ አንድ ወጣት ኢንጂነር ተመደበልን፤ ከምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ገና መመለሱ ነው። ቀጭን፣ ችኩል፣ ሲያስብ እርሳስ የሚበላ። ስም የምትጽፍና ስህተት የማታሳልፍ ሰው ስጡኝ አለ፤ እኔን ሰጡት። በዕድሜ ስለምበልጠው "እትዬ" ይለኛል፤ ሊያበሽቀኝ እንደሆነ ስለማውቅ አልበሽቅም።

ማሽኑ የመጣው የኛን ፊደል ሳያውቅ ነው። ኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ዋና አዛዥ ፕሮግራም አለው፤ ማን መቼ ምን ይሥራ የሚለውን የሚወስን። ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል ፋይል የሚያስቀምጥና የሚያወጣ ነው፤ የማሽኑ መዝገብ ቤት በሉት። ኢንጂነሩ የገበሬ ማኅበራቱን ስም በፊደላችን ለማስቀመጥ ብሎ ያንን ክፍል ፈቶ እንደገና ጻፈው። ሲጽፍ እርሳሱን በላ፣ እኔ ስም ጻፍኩ፣ ማሽኑም ለትንሽ ጊዜ አማረበት።

ከዚያ መቆም ጀመረ።

አይበላሽም፣ አይጮህም፣ አይጠፋም። የማከፋፈያ ዝርዝሩን እያወጣ ሳለ መሃል ላይ ዝም ይላል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሽ መስመር ብልጭ ድርግም እያለች፣ የሆነ ነገር ላስታውስ እንደሚል ሰው። ስንጠብቀው ይውላል። አጥፍተን ስናበራው ደህና ይሆናል፣ ከዚያ ሥራ ሲበዛበት መልሶ ይቆማል። የበልግ ዝናብ ሊጥል ነው፤ የገበሬ ማኅበር ሊቃነ መናብርት ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዝርዝሩን ይጠብቃሉ። ካድሬው ካልሲውን ቀይሮ መጣና ቆሞ አየው።

"ነገር በራሱ አይቆምም" አለ። ቢሮው ገብቶ ሪፖርት መጻፍ ጀመረ።

ሪፖርቱ ውስጥ የምትገባው ቃል ምን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። አሻጥር። ያቺ ቃል ከአንድ ሰው ስም አጠገብ ከተጻፈች በኋላ ሰውየው ቤቱ የሚያድርበትን ቀን እሱ አይወስንም። ኢንጂነሩ ደግሞ ውጭ የተማረ፣ ማሽኑን ብቻውን የሚነካ፣ በዚያ ላይ ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፋ ነበር። ዓርብ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሪፖርቱ ከእነሱ ጋር ይሄዳል።

ኢንጂነሩ ችግሩን አገኘው። ይህን ሳልናገር አላልፍም፤ ያገኘው እሱ ነው። የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ ኮድ የሚለውን፣ አሳትሞ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ በጉልበቱ እየሄደበት አገኘው። ጠራኝና በወረቀት ጀርባ ላይ ሣለልኝ።

ማሽኑ ሜሞሪ የሚሉት አለው፤ እንደ ሥራ ጠረጴዛ ነው። ዲስክ የሚሉት አለው፤ እንደ መደርደሪያ ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ነው። በጠረጴዛው ላይ ቦታ የሚያድል አንድ ክፍል አለ፤ ቦታ ሲያልቅበት ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ወረቀቶችን ያነሳና መደርደሪያ ላይ አስቀምጡልኝ ብሎ ለመዝገብ ቤቱ ያቀብላል፤ ቦታ የሚለቀቀው እንደዚያ ነው። መዝገብ ቤቱ በበኩሉ መደርደሪያ ሲነካ ሌላ ሰው ገብቶ እንዳያተራምስበት ቁልፍ ይይዛል። እስከዚህ ሁሉም ደህና ነው።

አሁን መዝገብ ቤቱ ቁልፉን ይዞ፣ ሥራው መሃል ላይ ሆኖ፣ ትንሽ ቦታ ያስፈልገዋል። ይጠይቃል። ጠረጴዛው ሞልቷል። ቦታ አዳዩ እንደ ልማዱ ወረቀት ያነሳና መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ይሄዳል፤ ክፈቱልኝ ይላል። ቁልፉ ተይዟል። ማን ይዞታል? ቦታ የጠየቀው ራሱ። እሱ ቦታ ሳያገኝ ቁልፍ አይለቅም። አዳዩ ሳይከፈትለት ቦታ የለውም። ሁለቱም ሥራቸውን እየሠሩ ነው፣ ሁለቱም ጨዋ ናቸው፣ ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ይጠባበቃሉ።

ሳቄ መጣ። ኢንጂነሩ ተቀየመ። በሱ ሕይወት የምስቅ መስሎታል። ይሄማ ጋሼና እኔ ነን አልኩት።

የካድሬው ሰርኩላር፣ ለየክፍሉ የሚበተን የጽሑፍ መመሪያ፣ ነበረን። ቦክስ ፋይል የምንለው የወረቀት ማስቀመጫ ካርቶን ከገበያ ከጠፋ ወዲህ ያወጣው ነው፤ ሁለት ነገር ይላል። ንብረት ክፍል አዲስ ቦክስ አይሰጥም፤ ሲጠየቅ አሮጌ ቦክስ ያራግፋል፣ የተራገፈውን ወረቀት መዝገብ ቤት ፈርሞ ሳይረከብ ግን ቦክሱን ለማንም አያስረክብም። ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ወረቀት ከተዘረጋ፣ ተሰብስቦ ቦክስ ውስጥ እስኪገባ ድረስ በር አይከፈትም፣ ሌላ ወረቀት አይገባም፣ አይወጣም። ይህ የመጣው ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ አንድ ደረሰኝ በኮሪደር አውጥቶ ከጎረቤት ፍየል ፊት ስለጣለው ነው። ለየብቻ ስታዩዋቸው ሁለቱም ሕጎች ማለፊያ ናቸው።

አንድ ጊዜ እኔ ውስጥ ወረቀት ዘርግቼ ቦክሱ ተቀደደብኝ። በሩ ላይ ዕቃ የምንቀባበልባት ትንሽ መስኮት አለች፤ በእሷ ጋሼን ቦክስ ጠየቅኳቸው። መጡ። በአንድ ብብታቸው ባዶ ቦክስ፣ በሌላው ከውስጡ የወጣ ወረቀት። መጀመሪያ ይህን ተረከቢ አሉኝ። መጀመሪያ ቦክሱን ይስጡኝ አልኳቸው። ተያየን። ከዚያ ሰርኩላሩን ትንሽ አጠፍነውና ተገላገልን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጠረጴዛዬ ሥር አንድ ባዶ ቦክስ ፋይል ደብቄ አኖራለሁ፤ ንብረት ክፍል የማያውቀው።

ኢንጂነሩ ወደ ካድሬው ሄዶ ሥዕሉን አሳየው። ቶሎ ተመለሰ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ካድሬው አዳምጦት ሲያበቃ ራሱን በራሱ የሚጠብቅ ማሽን ለልጆች የሚነገር ነገር ነው፤ አንተ ግን የተማርክ ሰው ነህ፣ ማን እንደሚያስጠብቀው ንገረኝ ብሎታል።

ታዲያ አስተካክለውና ዓርብ እየሠራ አሳየው አልኩት።

"እትዬ፣ አሁን ካስተካከልኩትማ ሲያቆመው የነበረው እሱ ነው ይለኛል" አለ።

እውነቱን ነው። ማሽኑን ማዳን ሰውየውን አያድነውም። ካድሬው ማንም ሳያቆመው የሚቆም ነገር መኖሩን በዓይኑ ማየት አለበት። እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ብናገርም የሚሰማኝ አልነበረም። ግን ቁልፍ አለኝ። ቦክስም አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ካድሬው መጥቶ ያምናውን የእንግዳ መቀበያ ንግግሩን እንዳወጣለት አዘዘኝ። በየዓመቱ ያንኑ ንግግር ነው የሚያነበው፤ ቀኑን ብቻ ይለውጣል። ከሰዓት በኋላ ይደርሳል አልኩት። እንግዶቹ የሚመጡት አመሻሽ ላይ ነው።

ኢንጂነሩ ዝርዝሩን ከገበሬ ማኅበራቱ ዋና ፋይሎች ጋር ማመሳከር ፈልጎ ነበር፤ ራሱ ነው የጠየቀኝ። ከምሳ በኋላ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ሰጠሁትና ራሴን አሞኛል፣ እዚሁ ኮሪደር እቀመጣለሁ አልኩት። ፋይሎቹ የነበሩበት ቦክስ ታች ከድሮም በፕላስተር የተያዘ ነው። እሱ ሳይመጣ፣ በምሳ ሰዓት፣ ፕላስተሩን ላጥኩት። ከጠረጴዛዬ ሥር ያለውን ባዶ ቦክስ አወጣሁና ኮሪደሩ ውስጥ ካለው ዱካ ላይ አስቀምጬ፣ ጋቢዬን ጣል አድርጌበት፣ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። መጽሐፌን ገለጥኩ።

ብዙም አልቆየም። ከውስጥ ቦክሱ ታቹ ሲከዳው ሰማሁ፣ ከዚያ የጀርመንኛ ስድብ። በመስኮቷ ብቅ ብሎ ጋሼን ቦክስ እንድጠይቅለት ነገረኝ። ጠየቅኩለት። ጋሼ ቦክስ አራገፉ። ባዶውን ግን ንብረት ክፍል ቆልፈውበት ወረቀቱን ብቻ ታቅፈው መጡ፤ ሰርኩላሩ ቃል በቃል እንደዚያ ነው የሚለው። ከእኔ ጋር አጠፍ አድርገነው የነበረውን ሕግ ያን ዕለት አላጠፉትም። ለምን? እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው።

ጋሼ ይህን ተረከበኝ አሉት። ኢንጂነሩ ወለሉ ሁሉ በወረቀት ተሸፍኗል፣ እግሬን የማነሳበት ቦታ የለኝም፣ መጀመሪያ ቦክሱን አለ። ጋሼ ቦክሱ የሚሰጠው ስትፈርምልኝ ነው አሉ። ኢንጂነሩ የምፈርመው ቦታ ሲኖረኝ ነው አለ። ሁለቱም በእርጋታ ነበር የሚነጋገሩት። ከዚያ ሁለቱም መጠበቅ ጀመሩ። እኔ ገጽ ገለጥኩ።

ካድሬው ንግግሩን ሊወስድ መጣ።

ሁኔታውን አስረዱት። መጀመሪያ ሳቀ፤ የሁለት ሠራተኞች ጠብ የሚዳኝ መስሎታል። አንተ ክፈት አለ። ኢንጂነሩ ከውስጥ፣ ጓድ፣ ከከፈትኩ ነፋሱ የሦስት ወረዳ ፋይል ያደባልቅብኛል፣ ሰርኩላሩም ይከለክለኛል አለ። እርስዎ ቦክሱን ይስጡት አላቸው ጋሼን። ጋሼ፣ ጓድ፣ እርስዎ የፈረሙበት ነው፤ ሳይረከበኝ ብሰጥ ነገ ወረቀቱ ቢጠፋ ጥፋተኛው አንተ ነህ ይሉኛል አሉት። በሲዳማ አፍ የሆነ ነገር ጨመሩ፤ ጸሎት ይሁን ምሬት አላውቅም።

ካድሬው ሳቁን አቆመ። የሚያውቀውን መድኃኒት አወጣ። በጽሑፍ አዝዛለሁ አለ። ያኔ ነው የተናገርኩት፤ ጓድ፣ የወጪ ደብዳቤ ያለ ቁጥር አይወጣም፣ ቁጥር የሚሰጠው ከመዝገቡ ነው፣ መዝገቡ ውስጥ ነው፣ ወረቀት እንደተዘረጋ ደግሞ ሌላ ወረቀት አይነካም አልኩት። ይህንንም የጻፈው እሱ ነው። አፍጥጦ አየኝ። መጽሐፌን አጠፍኩ፤ ሰው ሲያየኝ ማንበብ ነውር ይመስለኛል።

ኮሪደሩን ወዲህና ወዲያ ሄደ። ሰዓቱን አየ። በሩን በመዳፉ ገፋው። አቋሚ ፍለጋ ላይ ነው፤ ዓይኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ ይታያል። ጋሼ ላይ ሲያርፍ፣ ጋሼ ሰርኩላሩን የሚፈጽሙ ንጹሕ ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው እየዛለ ነው። በሩ ላይ ሲያርፍ፣ ከጀርባው ያለው ሰርኩላሩን የሚፈጽም ንጹሕ ልጅ ነው። ቀጥሎ ያለው ሰርኩላሩን የጻፈው ነው። እዚያ ሲደርስ ዓይኑ ይመለስና እንደገና ከጋሼ ይጀምራል።

ጋሼ ያንን አስተያየት ያዩኝ ያኔ ነው። ፊቴን አዩ፣ ወረድ ብለው የተቀመጥኩበትን ጋቢ አዩ፣ ክምሩን በአገጫቸው ደገፍ አደረጉ። ከዚያ ወደ በሩ ተመለሱ።

በመጨረሻ ካድሬው እኔ ፊት መጥቶ ቆመ። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

"ጓዲት፣ ማነው ያቆመው?"

"ማንም አላቆመም፣ ጓድ" አልኩት። "ሁሉም እየጠበቀ ነው።"

ያን ጊዜ ከበሩ ጀርባ የኢንጂነሩ ድምፅ መጣ።

"ጓድ፣ ማሽኑም እንደዚሁ ነው ያልኩዎት።"

ጣሪያው ላይ የአባ ኮዳ ጥፍር ቆርቆሮውን ሲፍቅ ይሰማል። ካድሬው ዞሮ ወደ ቢሮው ሄደ። አሁን አከተመልን አልኩ፤ ከሥሬ ያለውን ቦክስ አውጥቼ ላስረክብ ምንም አልቀረኝም ነበር። ተመልሶ ሲመጣ በእጁ ቦክስ ፋይል ይዟል። የራሱ ነው፤ "ጥብቅ ምስጢር" የሚል በቀይ የተጻፈበት፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎበት የሚኖር። ከእኔ ሥር ካለው ሌላ፣ ከሰርኩላሩ ውጭ የነበረ ቦክስ እሱ ብቻ ነው። በመስኮቷ ሲያቀብል ዘንበል አለበትና ከውስጡ ቆሎ ፈሰሰ። ገብስና ሽምብራ። ማናችንም ወደ ታች አላየንም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ በደቂቃዎች ተፈታ። ኢንጂነሩ የተዘረጋውን ቦክስ ውስጥ ከተተ፣ የጋሼን ክምር ፈርሞ ተረከበ፣ በሩ ተከፈተ፣ ንግግሩ ወጣ። ኢንጂነሩ ከበሩ ሲወጣ ማንንም ሳያይ እየሮጠ ወደ ጓሮ ሄደ። አመሻሹ ላይ ካድሬው ያምናውን ንግግር አነበበ፤ ቀኑን መለወጥ ግን ረስቶ ነበር።

ሪፖርቱ ከእንግዶቹ ጋር አልሄደም። ይህን የማውቀው የወጪ ደብዳቤ ቁጥር የሚጠየቀው እኔን ስለሆነ ነው። ማንም አልጠየቀኝም። ሰኞ ቀን ካድሬው አዲስ ሰርኩላር ይዞ መጣ፤ ታይፕ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መዝገብ ቤት የሚገባ ሰው ቦክሱን አስቀድሞ ይዞ ይግባ ይላል። ውስጥ ሆኖ ቦክስ ቢያስፈልገው ንብረት ክፍል ለዚሁ ካስቀመጠው መጠባበቂያ ይስጠው፣ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ግን በምንም ምክንያት ወደ መዝገብ ቤት ወረቀት አይላክ። መጠባበቂያውም ካለቀ የለም ይባል፤ ጠያቂው ሥራውን ወደነበረበት መልሶ ይውጣና ኋላ ይሞክር። እንዳያስጠብቁት። ከዚያ ካድሬው ኢንጂነሩን ጠርቶ ማሽኑም ውስጥ ይህንኑ ሰርኩላር እንዲያስገባበት አዘዘው። በቀጣዩ ስብሰባ ላይ ማሽኑ በመመሪያ መስተካከሉን ሪፖርት አደረገ። ኢንጂነሩ ያን ቀን አላንቀላፋም፤ ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ነበር።

እውነቱን ለመናገር መመሪያው በአንድ ጊዜ አልሠራም፤ በማሽኑም በኮሪደሩም። ኢንጂነሩ ቁልፍ ተይዞ ቦታ የሚጠየቅበትን መስመር ሁሉ አንድ በአንድ እየፈለገ "ወደ እኔ እንዳትልክ" የሚል ምልክት አከለበት። ማሽኑ ግን አንድ ቀን እንደገና ቆመ። መዝገብ ቤቱ ለሌላ ትንሽ ክፍል ሥራ ይሰጣል፣ ያ ክፍል ደግሞ ቦታ ይጠይቃል፣ ከኋላው ያለው ሰው ቁልፍ መያዙን ግን አያውቅም። ኢንጂነሩ ይህን ባወቀበት ሳምንት ጋሼም አቤቱታ ይዘው መጡ። ከመዝገብ ቤት የሚላከው ተላላኪ ነው፣ ተላላኪው ሌላ ሰው ይልካል፣ የመጣብኝ ሰው ከማን እንደመጣ በምን ልወቅ አሉ።

ኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ ማንም የማይለብሰው ነጭ ጋዋን ተሰቅሎ ነበር። ኢንጂነሩ አመጣው። መዝገብ ቤት የሚገባ ሰው ይለብሰዋል፤ ሰው ከላከ ጋዋኑን በመስኮቷ አውልቆ ለሚልከው ያለብሰዋል፣ እሱም ሌላ ከላከ ያለብሰዋል። ጋሼ ፊት አይጠይቁም፣ ልብሱን ያያሉ። ኮዱንም እንደዚያው ጻፈው። ምልክቱን በየጥያቄው ላይ መለጠፍ ትቶ ሠራተኛው ላይ አደረገው፤ ቁልፍ ሲይዝ ይለብሳል፣ በሱ ስም የሚጠየቀው ሁሉ ልብሱን ለብሶ ይሄዳል፣ ቁልፍ ሲለቅ ያወልቃል። ማሽኑ ከዚያ በኋላ በዚህ ምክንያት አልቆመም።

ማውለቁን ግን ሰው ይረሳል። ኢንጂነሩ አንድ ቀን ጋዋኑን እንደለበሰ ሲጋራ ሊገዛ ወጣና አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ የልጇን ጆሮ አሳየችው። አየላት። ጨው በውሃ አላት መሰለኝ። ሲመለስ በንብረት ክፍል በኩል ሲያልፍ ጋሼ ሳይጠይቃቸው ከመጠባበቂያው ቦክስ አውጥተው ሰጡት። ይዞ መጣ፣ ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። ሄዶ ኮዱ ውስጥ የማውለቂያው መስመር በየመውጫው መኖሩን አንድ በአንድ አየ፤ ሁለት ቦታ ላይ ጠፍቶ አገኘው።

ጋሼ ጡረታ ወጡና ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ሳልጠይቃቸው። ልጠይቃቸው የቀረብኩባቸው ቀናት ነበሩ። አውቀው ቢሆንና ብጠይቃቸው ግን እውነቱን ይናገራሉ፣ ከዚያ ባስመሰሉበት ይጸጸታሉ። ሳያውቁ ቢሆን ደግሞ እኔ በእሳቸው መቀለዴን ያውቃሉ። ሁለቱም አልሆነልኝም።

ደርግ ወደቀ፤ ካድሬው የት እንደገባ አልሰማሁም። መሥሪያ ቤቱ ሲታጠፍ ኢንጂነሩ አዲስ አበባ ሥራ አገኘ። ልሸኘው መናኸሪያ ሄድኩ። አውቶቡሱ ሻንጣ እየጫነ ነው፤ አጥሩ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠን የሆነ ያልሆነውን እናወራለን። ያን ከሰዓት አነሳው። ሁልጊዜ የሚያነሳው ነው። የጋሼ ግትርነት ነፍሴን አዳነልኝ፣ የዚያ ቦክስ ፕላስተር በዚያን ቀን መላቀቁ የእግዜር ሥራ ነው አለ። እግዜር ፕላስተር ሲልጥ ጥፍሩ አይሰበርም አልኩት። አልገባውም። ስለዚህ ከነዱካው፣ ከነጋቢው፣ ከነሥሩ ነገርኩት።

ረዳቱ የአዲስ አበባ እያለ ይጣራል። ኢንጂነሩ አስፋልቱ ላይ አፈጠጠ። ተቆጥቷል ብዬ ነበር።

"ሽንቴን ይዤ ነበር እኮ" አለ በመጨረሻ። "ያን ሁሉ ሰዓት።"

"አውቃለሁ። ከበሩ ጀርባ በአንድ እግርህ ስትዘል ይሰማ ነበር። ካድሬውም ሰምቷል። አሻጥረኛ ራሱን እንደዚያ አያሰቃይም ብሎ ነው መሰለኝ ያመነህ።"

"እና ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ብነግርህማ ሸንተህ ትገባ ነበር።"

መጀመሪያ ትከሻው ነው የሳቀው፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ። አጠገባችን የነበሩት መንገደኞች ዞረው አዩን። ሳቁን ሳይጨርስ ሻንጣውን እግሬ ሥር ጥሎ፣ ሹፌሩ እንዳይሄድብኝ ያዢልኝ ብሎኝ፣ ወደ መናኸሪያው ሽንት ቤት ሮጠ።